«ምንም አላውቅም» አትበሉ
ስለ ሥራ የቃል ፈተና የተደረገ ንግግር



ፊደል ቆጥራችኋል። ስማችሁን ትጽፋላችሁ። በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያም ታነባላችሁ። እኛ ከዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የዘመትን ተማሪዎች በማታው ትምህርት አንድ ጥያቄ ደጋግመን ሰምተናል። «የሥራ ማስታወቂያ አነበብን፤ ማመልከቻም ጻፍን፤ ለቃል ፈተናው ግን እንዴት እንሁን?» የሚል ነው። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ነው።

የቃል ፈተና ምንድን ነው? ቀጣሪው ሥራ ፈላጊውን አቅርቦ የሚጠይቅበት ጊዜ ነው። በመጽሐፍ ቃለ መጠይቅ ይባላል። ከተማ ስትገቡ ኢንተርቪው ሲሉትም ትሰማላችሁ። ልጁን የሚድር አባት ስለ አማቹ ይጠይቅ የለም ወይ? የአማቹ ቤተ ዘመድም በበኩሉ ይጠይቃል። የቃል ፈተናም እንደዚሁ ነው። ሁለቱም ወገን ይጠያየቃል እንጂ አንዱ ለማኝ፣ ሌላው ሰጪ አይደለም። ሥራ መጠየቅ ደጅ መጥናት አይደለም።

በደሞዝ መቀጠር ለዚህ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሲደርስ የድሬዳዋ ከተማ ተቆረቆረች። ሐዲድ የሚጠግን፣ ዕቃ የሚጭን፣ ንብረት የሚጠብቅ ሰው ተፈለገ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም በዚሁ በኩል ወደ ጅቡቲ ይሄዳል። ዛሬም በድሬዳዋና በጅጅጋ ዘበኛ፣ የመጋዘን ሠራተኛ፣ ወጥ ቤት፣ ጫኝና አውራጅ ይቀጠራል። ታዲያ ብዙ ሰው በሩ ላይ የሚወድቀው በአንዲት ጥያቄ ነው። «ምን ሥራ ታውቃለህ?» ሲባል «ምንም አላውቅም፤ ገበሬ ነኝ» ብሎ ይመለሳል።

ለምን እንዲህ ይላል? አንደኛ፣ ራስን ማወደስ ነውር ነው ብሎ ያስባል። ሁለተኛ፣ እውቀት ማለት ወረቀት ብቻ ይመስለዋል።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ለገበያ የሚሄዱ ፍየሎችና ከብቶች የሚቆዩበት ጣቢያ ጠባቂ ይፈልጋል እንበል። አንድ ሰው ቀረበ።

«ምን ሥራ ያውቃሉ?»

«ከብት ጠባቂ ነኝ፤ ሌላ ምንም አላውቅም።»

ይህ መልስ እውነት ይመስላል፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ያው ሰው እንዲህ ማለት ይችል ነበር፦

«ከልጅነቴ ጀምሮ ፍየልና ግመል ጠብቄአለሁ። በድርቁ ጊዜ 40 ፍየል ይዤ ውኃ ወዳለበት ሄድኩ። አፍንጫዋ የሚፈስና መብላት የተወች ፍየል ባየሁ ጊዜ ወዲያው ከመንጋው ለይቼ አሰርኳት፤ ለከብት ሐኪሙም ነገርኩት። ማታ ማታ ቆጥሬ አስገባለሁ። አሁን ደግሞ ቁጥሩን በደብተር እጽፋለሁ።»

እዚህ ላይ ጉራ አለ ወይ? የለም። ውሸት አለ ወይ? የለም። ሰውየው የተናገረው ምን እንደ ሠራ፣ መቼ እንደ ሠራ፣ በስንት እንደ ሠራና ችግር ሲመጣ ምን እንዳደረገ ነው። ጠያቂው የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ለብዙ ሰው ወጥ የሠራች እናትም፣ የእድር ገንዘብ የያዘ ሰውም፣ በሌሊት ማሳ የጠበቀ ወጣትም እንዲሁ የሚናገረው ሥራ አለው።

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። በቃል ፈተና ላይ ግን ዝም ይነቅዛል። ይሁን እንጂ የማያውቁትን አውቃለሁ ማለትም አይበጅም፤ ሥራው ላይ ሲደርሱ ይገለጣል። «ይህን አላውቅም፤ ቢያሳዩኝ ግን እማራለሁ» ማለት ያስከብራል።

ከመሄዳችሁ በፊት እነዚህን አስታውሱ፦

1. መታወቂያችሁንና ያላችሁን የምስክር ወረቀት በንጹሕ ላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ።

2. ቦታውን ቀደም ብላችሁ እወቁ። መኪና ይዘገያልና በጊዜ ተነሡ።

3. አዲስ ልብስ አያስፈልግም፤ የታጠበ ይበቃል።

4. በደምበልና በጅጅጋ መሥሪያ ቤቶች የሥራው ቋንቋ ሶማልኛ ነው። ድሬዳዋ ስትወርዱ ግን አማርኛ ነው። ጥያቄው ካልገባችሁ «ይቅርታ፣ ይድገሙልኝ» በሉ። በግምት አትመልሱ።

5. «ገንዘብ ስጠኝና ላስቀጥርህ» የሚል ሰው ቢመጣ እሺ አትበሉ። ብሩም ሥራውም ይጠፋል።

ጠያቂው ሲጨርስ ተራው የእናንተ ነው። ደሞዙ ስንት ነው? የሚከፈለው በቀን ነው ወይስ በወር? የሥራው ሰዓት ስንት ነው? እነዚህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። በድርጅት ለሚቀጠር ሠራተኛ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ያዛል። የሙከራ ጊዜ ቢኖር በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም። ውሉ በቃል ብቻ ከሆነ ቀጣሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ነገር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው ይሰጣል። እንግዲህ ማንበብ የተማራችሁት ለዚህ ጊዜ ነው። ሳታነቡ አትፈርሙ!

ደግሞ አንድ ነገር አለ። እናንተም ጠያቂ የምትሆኑበት ቀን ይመጣል። የኅብረት ሥራ ማኅበራችሁ የማሽላ መጋዘን ጠባቂ ቢቀጥር በወንበሩ ላይ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ። ያን ጊዜ የማን ጎሳ ነው፣ የማን ልጅ ነው ብላችሁ አትጀምሩ። አስቀድማችሁ አምስት ጥያቄ በደብተር ጻፉ። ለመጣው ሁሉ፣ ለወንዱም ለሴቷም፣ ያንኑ አምስት ጥያቄ ጠይቁ። የእያንዳንዱን መልስ ወዲያው መዝግቡ። በሌላውም ዓለም ስለ ሥራ ፈተና ያጠኑ ሰዎች ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚቀርብበት ፈተና ሠራተኛ ለመምረጥ እንደሚሻል ደርሰውበታል። ከጥያቄውም ሌላ ሥራውን አሠሩት። ጆንያ ይቁጠር፤ ደረሰኝ ያንብብ። መጋዘኑን ከነቀዝና ከሌባ የሚያድነው ሥራው እንጂ ዝምድናው አይደለም።

እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ የመለሰ ሁሉ አይቀጠርም። ቦታው አንድ፣ ፈላጊው ብዙ ነው። አስቀድሞ ለዘመድ የተያዘ ቦታም ያጋጥማል። ያን ጊዜ «እኔ አልረባም» ብላችሁ ወደ ቤት አትመለሱ። ምን እንደ ጎደላችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ የጎደለውን ሞልታችሁ ሌላ ማስታወቂያ ፈልጉ።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ። «የማውቀው ሥራ» ብላችሁ ጻፉ። ከሥሩ ሦስት መስመር ጨምሩ፦ ምን ሠራሁ? መቼና በስንት? ችግር ሲመጣ ምን አደረግሁ? ከዚያ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ። አንዱ ይጠይቅ፣ ሌላው ይመልስ፤ ቀጥሎ ተለዋወጡ። «ምንም አላውቅም» ያለ ሰው ካለ ጓደኛው ያስታውሰው። ጎረቤት ነውና የሚያውቀውን ሥራ ያውቅለታል።