መኪናዋ ለሦስተኛ ጊዜ ጋራዥ ስትገባ

አቅራቢ፦ ከካዛንቺስ ለመስክ ሥራ የምትወጣ አዲስ ፎር ዊል መኪና ለሦስተኛ ጊዜ ጋራዥ ገባች እንበል። ያው ካምቢዮ፣ ያው ድምፅ። ሻጩ «ኮረኮንች ላይ ስለነዷት ነው» ይላል። ለኮረኮንች ተብላ የተሸጠች መኪና እኮ ናት!

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት በ15 ቀን ውስጥ መጠየቅ ይችላል። የተሻለ የዋስትና ውል ካለው ደግሞ በውሉ ይጠቀማል። ነገር ግን አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ የገዛን ግለሰብ ነው። ካዛንቺስና ቂርቆስ አካባቢ ከምናያቸው ፎር ዊሎች ብዙዎቹ የድርጅት ናቸው፤ ለእነሱ ያለው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ገዢው ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት፤ ካሳወቀ በኋላም መብቱን በ1 ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ ያጣዋል። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ጋራዡ «ነገ ይምጡ» እያለ ወራቱ ይነጉዳሉ።

ስለዚህ መኪናዋ በገባች ቁጥር ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ ብልሽቱንና የተቀየረውን ዕቃ በጥገና ወረቀቱ ላይ ያስጽፉ። «ታይቷል» ብቻ ከተባለ አይፈርሙ። ለሻጩ ደብዳቤ ሲያስገቡም በእርስዎ ቅጂ ላይ ቀንና ማህተም ያስደርጉ።