ብናኙን ማራገፍ፦ ስለ ሊንትና ስለ ማኅደረ ትውስታ ብክነት

በሐዋሳ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



የሐዋሳ ነዋሪ ለጨርቅ ሥራ እንግዳ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ዋነኛ ተግባሩ ጨርቃ ጨርቅና አልባሳት እንደመሆኑ፣ ልብስ ወደ ካርቶን ከመግባቱ በፊት የተቆጣጣሪ ዓይን እንደሚያርፍበት፣ ትርፍ ክር እንደሚቆረጥና የተጣበቀ ብናኝ እንደሚራገፍ በከተማው ብዙ ሰው ያውቃል። የዚህ ንግግር ርእስ የሆነው መሣሪያም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ብናኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪስ ይሠራ የነበረው ስቲቭን ጆንሰን፣ በሲ ቋንቋ የተጻፈን ፕሮግራም ሳያስኬድ አንብቦ አጠራጣሪውን ቦታ የሚጠቁም መሣሪያ አዘጋጀና «ሊንት» ብሎ ሰየመው። ቃሉ በእንግሊዝኛ ከጨርቅ ላይ የሚነሣ ብናኝ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ለየቋንቋው ተመሳሳይ መሣሪያ ተሠርቷል፤ የወል ስሙም ሊንተር ሆኗል።

ሊንተር የሚያሳድደው ስሕተትን ብቻ አይደለም። ስሕተት ያልሆነውን፣ ነገር ግን አባካኝ የሆነውን አጻጻፍ ጭምር ይጠቁማል። ከእነዚህም መካከል ዋነኛው ያለ አግባብ የሚወሰድ ማኅደረ ትውስታ፣ በተለምዶ ሜሞሪ የሚባለው ነው። እንዲህ ያለው ብክነት የፕሮግራሙን ውጤት ስለማያዛባ በጸሐፊው ማሽን ላይ አይታወቅም። የሚታወቀው ፕሮግራሙ አነስተኛ ሜሞሪ ባለው የእጅ ስልክ ላይ ሲጫን ነው፤ አንድሮይድ ሜሞሪ ሲያጥረው ከበስተጀርባ ያሉትን ፕሮግራሞች ይዘጋልና ተጠቃሚው የጀመረውን ቅጽ ሳይጨርስ ሊያጣው ይችላል።

በአማርኛ ለሚጽፍ ባለሙያ ነገሩ ይበልጥ ይቀርባል። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ደረጃ ውስጥ ገብቷል። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የላቲን ተራ ፊደል ግን 1 ባይት ብቻ ነው። (ይህ እንደሚፈራው አይከብድም፤ «ሐዋሳ» በእኛ ፊደል 9 ባይት ሲሆን፣ በላቲን ሰባት ሆሄ ተደርጎ ሲጻፍ 7 ባይት ይሆናል። ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ሆሄ ማሠር እዚህ ላይ ጠቅሟል።)

አሁን እያንዳንዱ 10 ፊደል፣ ማለትም 30 ባይት የሆነ የ1,000 ሰዎች ስም በአንድ ተከታታይ ጽሑፍ ይዘርዘር እንበል። ጀማሪ ጸሐፊ በድግግሞሽ ውስጥ «የነበረው ጽሑፍ ሲደመር አዲሱ ስም» እያለ ይጽፋል። አነጋገሩ ምንም ነውር የለበትም። ይሁን እንጂ በብዙ ቋንቋዎች ጽሑፍ አንዴ ከተፈጠረ አይለወጥምና፣ በእያንዳንዱ ዙር አዲስ ቦታ ተወስዶ የቀድሞው ሁሉ እንደገና ይገለበጣል። የመጨረሻው ዝርዝር 30,000 ባይት ብቻ ሆኖ ሳለ፣ እርሱን ለማግኘት በድምሩ 15,015,000 ባይት ቦታ ይወሰዳል። ስሞቹን እየሰበሰበ በአንድነት የሚያያይዝ መሣሪያ፣ ለምሳሌ በጃቫ «ስትሪንግ ቢልደር» የሚባለው፣ ይህን ሁሉ ድካም ያስቀራል። የጃቫን ፕሮግራም የሚያነበው ፒኤምዲ፣ የሲ ፕላስ ፕላስን የሚያነበው ክላንግ-ታይዲ ይህን መሰሉን አጻጻፍ የሚጠቁሙ ደንቦች አሏቸው።

ከዚህ ቀለል ያለው ብክነት በዝርዝር አያያዝ ላይ ይታያል። ከባዶ የሚነሣና በሞላ ቁጥር እጥፍ እየሆነ የሚያድግ ዝርዝር 1,000 መዝገብ እስኪይዝ ድረስ 11 ጊዜ ቦታ ይጠይቃል። ብዛቱ አስቀድሞ ከታወቀ ግን አንድ ጊዜ መጠየቅ ይበቃል። ለጎ ቋንቋ የተሠራው «ፕሪአሎክ» የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው።

ይሁንና የሊንተርን ቃል እንደ ዳኛ ፍርድ መቀበል ሌላ ስሕተት ነው። ሊንተር ጽሑፉን እንጂ ሥራውን አያይም፤ አንድ መስመር በቀን አንዴ ይሂድ ወይም በሰከንድ ሺህ ጊዜ ሊያውቅ አይችልም። ለዚህም ነው ብዙ የጎ ሊንተሮችን በአንድነት የያዘው ጎላንግሲአይ-ሊንት «ፕሪአሎክን» ሳይጠየቅ የማያሠራው። መመሪያውም ፕሮግራሙ በፕሮፋይለር ሳይመረመር በዚህ ደንብ መጠቀምን አይመክርም። ምክሩ ተገቢ ነው። ከአንድ ሚሊዮን መዝገብ ውስጥ ዐሥሩን ብቻ ለሚመርጥ ሥራ የሚሊዮኑን ቦታ አስቀድሞ የሚይዝ ጸሐፊ፣ ብክነትን አስወገድሁ ሲል ብክነትን ይፈጥራል።

የመስክ አደራደርም እንዲሁ ነው። በባለ 64 ቢት ማሽን ላይ በአንድ ባለ 8 ባይት ቁጥር ግራና ቀኝ ሁለት ባለ 1 ባይት ምልክቶች የተቀመጡበት የጎ መዝገብ 24 ባይት ይይዛል፤ ቁጥሩ ወደ ፊት ቢዛወር 16 ይበቃዋል። ለሚሊዮን መዝገብ የ8 ሚሊዮን ባይት ልዩነት ነው። ለሃያ መዝገብ ግን የመስኮችን ተፈጥሯዊ ቅደም ተከተል ማፍረስ አንባቢን ከማደናገር በቀር የሚያስገኘው ጥቅም የለም።

በሥራ ላይ ትልቁ እንቅፋት ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ለዓመታት በተጻፈ ፕሮግራም ላይ ሊንተር በአንድ ጊዜ ቢለቀቅ በመቶ የሚቆጠር ማስጠንቀቂያ ይዘረግፋል፤ ባለሙያዎቹም ሁለት ቀን አንብበው በሦስተኛው ይተዉታል። ከዚያ በኋላ እውነተኛው ማስጠንቀቂያ ቢመጣም የሚያየው የለም። ስለዚህ አሮጌውን ለጊዜው ትቶ፣ አዲስ የተጻፈውን ወይም የተለወጠውን መስመር ብቻ እንዲመረምር ማዘዝ ይሻላል፤ ጎላንግሲአይ-ሊንት ለዚህ የሚሆን ትእዛዝ አለው። አሮጌው ክፍል በፕሮፋይለር ተለክቶ ብዙ ሜሞሪ የሚወስደው ሲታወቅ፣ ሊንተሩ በዚያ ፋይል ላይ ለብቻው ይሠራል።