የማይድን የዓይን ቅላትና የደም ካንሰር



በአማራ ክልል ወረዳዎች በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የልጅ ዓይን ሲቀላ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ትራኮማ ነው። ጥርጣሬው ከመሬት አልተነሣም። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ልጆች 62.6 በመቶው ላይ አክቲቭ ትራኮማ አግኝቷል። ዚትሮማክስ የተባለው መድኃኒት ዕደላና የፊት ንጽሕና ትምህርቱ ወደ ቀበሌያችን የመጣው ትራኮማ በመብዛቱ ነው። ይሁን እንጂ አንድ በሽታ በበዛበት አገር ሌላው በስሙ ይሸፈናል። ዛሬ የምናገረው በዓይን ላይ ብቅ ስለሚል የደም ካንሰር ነው።

አትደንግጡ፤ ከቀላ ዓይን ካንሰር ሆኖ የሚገኘው እጅግ ጥቂቱ ነው። ሲሆን ግን እንዲህ ነው፦ በመቅኔ ውስጥ ያለ ልክ የተባዙ ነጭ የደም ሴሎች ከደም ጋር ዓይን ውስጥ ይገባሉ። አንዳንዴ ከብሌኑ ፊት ባለው ውሃ ግርጌ እንደ መግል ይረጋሉ። ደምን የሚያረጋው ፕሌትሌት ሲያንስ ደግሞ የዓይን ጀርባ ይደማል። በልጆች ላይ የካንሰሩ ሴሎች ከዓይን ኳስ ኋላ ተጠራቅመው ዓይኑን ወደ ውጭ የሚገፉበትም ጊዜ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣ የኡጋንዳ ጥናት ይህንኑ ገልጿል። በአረጋውያን ላይ ደግሞ ሊምፎማ የተባለው ካንሰር የዓይን ውስጥ ብግነት መስሎ ለወራት ይቆያል።

እንዲህ ባለ ዓይን ላይ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ሲጨመር ቅላቱ ይቀንሳል፤ ቤተሰብም «ዳነ» ይላል። ጠብታው ሲቆም ይመለሳል። መድኃኒቱ የካንሰሩን ሴሎች ለጊዜው ስለሚያሳንስ ሐኪሙንም ያሳስታል። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ጠብታ አትግዙ።

ትራኮማ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ዓይን ይይዛል፤ ዓይናርም ያበዛል። የዓይን ውስጥ ብግነት ግን ዓይናሩ ጥቂት ነው፤ ያማል፣ ብርሃን ያስጠላል፣ እይታን ያደበዝዛል። የጤና ባለሙያዎች ሆይ፣ ለትራኮማ የላይኛውን ቆብ ስትገለብጡ የታችኛውንም ዝቅ አድርጋችሁ እዩ። ውስጡ ነጥቶ፣ ልጁ ትኩሳት እየተመላለሰበት፣ ድዱ እየደማ፣ ሳይመታ እየበለዘ፣ አጥንቱን እያመመው ወይም አንገቱ ሥር እብጠት ይዞ ከሆነ ቅባት ሰጥታችሁ አትሸኙት፤ የደም ቆጠራ ይሠራለት።

በበለጸጉ አገሮች አጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ የተባለው የደም ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ10 ወደ 9 የሚጠጉት ይተርፋሉ፤ ሕክምናው በጊዜ ከተጀመረ ተስፋው ትልቅ ነው። የሃይማኖት አባቶች ሆይ፣ ፀበል የመጣውን ሕመምተኛ «ሐኪምም ይይህ» በሉት። ወላጆች ሆይ፣ ዓይኑ የደበዘዘበት፣ ወደ ውጭ የወጣበት ወይም መድኃኒቱን ጨርሶ ያልተሻለው ልጅ ካላችሁ ከነፋስ መውጫ፣ ከወገዳ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሪፈር አስጽፉ። ለሐኪሙም ዓይኑን ብቻ ሳይሆን ትኩሳቱንም፣ መድማቱንም ንገሩት።