የእንስሳት ሐኪሞቻችን እነማን ናቸው?
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



በዛሬው ስብሰባችን ከውኃና ከመብራት ቀጥሎ የተያዘው አጀንዳ የእንስሳት ሕክምና ነው። አንዳንዶቻችሁ ሰሌዳው ላይ አይታችሁ «ደግሞ የከብት ሐኪም ለእኛ ምን ያደርጋል?» ስትሉ ሰምተናል። በሰፈራችን ላም አለ፣ የጋሪ ፈረስ አለ፣ በግና ዶሮ አለ፣ ውሻማ በየበሩ ነው። ከዚህ ሁሉ እንስሳ ሲታመም ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

አምና አንድ የሰፈራችንን ልጅ ያልተከተበ ውሻ ነክሶት፣ መርፌውን እስኪጨርስ ድረስ የቤቱ ሰው እንቅልፍ አልነበረውም። ባለ ውሻውን ለምን አላስከተብክም ብንለው «ሐኪሞቹ ለፈረንጅ ውሻ እንጂ ለእኛ ውሻ መች ይሆናሉ ብዬ ነው» አለ። ይኸ ነገር ስላሳሰበን የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ሦስት ሰው መርጦ ወደ ከተማችን የእንስሳት ሐኪም ቤት ልኳል። ሐኪሞቹ ከየት እንደመጡ፣ የትኛውን ሥራ እንደሚወዱ ጠይቀን ተመልሰናል። ያየነውንና የሰማነውን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

አንደኛዋ ሐኪም ከተማ ያደጉ ናቸው። ቤታቸው ላም አልነበረም፤ ውሻና ድመት ግን ነበር። ልጅ ሳሉ ውሻቸው መርዝ በልቶ ሲሞት የሚያክምላቸው ሰው እንዳጡ አጫወቱን። ዛሬ ከሁሉ ይልቅ የሚወዱት የውሻና የድመት ቀዶ ጥገና ነው። ያን የባለ ውሻውን ቃል ብንነግራቸው ሳቁና «ታሞ ከመጣ የማንም ዘር ይሁን ውሻ ነው፣ እናክመዋለን» አሉን።

ሁለተኛው ከቦረና ናቸው፤ የአርብቶ አደር ልጅ። ከብትና ግመል ሲጠብቁ ነው ያደጉት። የብዙ በሽታ ስም ከመጽሐፍ በፊት ከአባታቸው አፍ እንደሰሙ ነገሩን። ባለ ከብት ሲመጣ ቶሎ ወደ መርፌ አይሄዱም። መቼ መብላት አቆመች? ወተቷ መቼ ቀነሰ? ምን ግጦሽ ላይ ዋለች? እያሉ በደብተር ይጽፋሉ። ላም አፍ አውጥታ አትናገርምና ባለቤቷን መስማት የምርመራው ግማሽ ነው ይላሉ። እንግዲህ እኛም ስንሄድ ነገሩን አስተውለን እንሂድ።

ሦስተኛው ደግሞ የባለጋሪ ልጅ ናቸው። ፍላጎታቸው ፈረስና አህያ ላይ ነው። ባለጋሪዎቻችን ይህን ልብ በሉ፤ በፈረስ እግር ላይ ተከታትሎ የሚወጣው እብጠት ከቁስል ወደ ቁስል በዝንብና በጋራ በሚያዝ የጋሪ ዕቃ ይዛመታል፣ ስለዚህ በጋለ ብረት ከመተኮሳችሁ በፊት አሳዩን ብለዋል።

አራተኛዋ የሚውሉት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። በሽተኛ እንስሳ ባያዩም ደሙንና ወተቱን በማይክሮስኮፕ ይመረምራሉ። የእሳቸው ሐሳብ ከከብት ወደ ሰው በሚተላለፈው በሽታ ላይ ነው፤ አባ ሰንጋ፣ የሳንባ ነቀርሳና የመሳሰሉት። ጥሬ ወተት አፍልታችሁ ጠጡ፣ በድንገት የሞተ ከብት ሥጋ አትንኩ ብለውናል።

አንዳንድ ሰው ይህን ሙያ ለሰው ሐኪምነት ነጥብ ያልበቃው የሚገባበት ያደርገዋል። እስቲ ከየት እንደተነሣ እንይ። በዓለም የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ በ1762 ማስተማር ጀመረ። ያቋቋመው ክሎድ ቡርዥላ የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበር። ትልቁ ምክንያት የከብት እልቂት ነው፤ ይኸውም «ደስታ» የምንለው በሽታ፣ ስሙ እንጂ ደስታ የሌለው። ይኸው በሽታ ነው በእኛ አገር ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. አያቶቻችን ክፉ ቀን ያሉትን ረሃብ ያመጣው። በሬው አልቆ የሚያርስ ጠፋ። ዋልተር ፕሎራይት የሚባሉ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ኬንያ ተቀምጠው ጥሩ ክትባት አወጡለት። በፈረንጆች 1990ዎቹ ደግሞ ሙቀት የሚችል ክትባት ተገኝቶ በአፋር በረሃ የከብት አርቢው ልጆች ሠልጥነው ራሳቸው ከተቡ። በ2011 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው።

ሌላም እንጨምር። ባለጋሪዎቻችን ነፋስ የምትሞሉትን ጎማ በ1888 ለሥራ ያበቃው ጆን ቦይድ ደንሎፕ በቤልፋስት ከተማ የእንስሳት ሐኪም ነበር። የልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት እንዳይነርት ብሎ ነው የጀመረው።

እኛ የቢሾፍቱ ሰዎች ደግሞ ለዚህ ሙያ ከሌላው ከተማ ይልቅ ቅርብ ነን። የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ ተቋም በፈረንጆች ከ1964 ጀምሮ እዚሁ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትም በ1979 የተከፈተው እዚሁ ነው። ከሩቅ አገር ተማሪ ለትምህርት ይመጣል፤ እኛ ግን በእግር ሄደን ላማችንን አናሳይም። ይህ ደግ አይደለም።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ለስብሰባው ያቀርባል።

አንደኛ፣ ውሻ ያለው ሁሉ ውሻውን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው ይገድላል ተብሎ ይገመታል። ሰው ላይ ከሚደርሰው ከመቶ 99ኙ ከውሻ የመጣ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ከ100 ውሾች 70ዎቹ ቢከተቡ ግን መዛመቱ ይቆማል። ሐኪሞቹ አንድ እሑድ ወደ እድራችን አዳራሽ እንመጣለን ብለዋል። ቀኑንና ሒሳቡን በዚሁ ሰሌዳ እንለጥፋለን።

ሁለተኛ፣ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ ሳያድርም ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጸበሉም ጸሎቱም ከመርፌው ጋር ይሁን እንጂ በመርፌው ፈንታ አይሁን።

ሦስተኛ፣ ከብት ወይም ፈረስ መብላት ባቆመ በመጀመሪያው ቀን ለሐኪም ይታይ። አራቱም ሐኪሞች በአንድ ቃል የነገሩን ቅሬታ ይኸው ነው፤ ሰው ሁሉን ሞክሮ ሲያበቃ፣ እንስሳው ሊሞት ሲል ነው የሚያመጣልን ብለዋል።

ጥያቄና አስተያየት ያላችሁ አሁኑኑ እጃችሁን አውጡ።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ስለ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው