ኮምፒዩተር ሲነሣ ያለችው አምስት ሴኮንድ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ይህ በእጃችሁ ያለው የበዓል መጽሐፍ ሳይታተም ሊቀር ነበር። ጽሑፎቹ ሁሉ የተቀመጡት በቤተ መጻሕፍቱ አሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ ሲሆን፥ ሌላ ቅጂ አላስቀረንም፤ ይህ የእኛ ስንፍና ነው፥ አልደብቀውም። አንድ ሰኞ ጧት ብንከፍተው መንገድ ጀምሮ ቆመ፤ ከዚያም የዋናውን አስተዳዳሪ ይለፍ ቃል ጠየቀን። ያወጡት መምህር ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውረዋል። በስልክ ብንጠይቃቸው፥ «ልጆቼ፥ ረስቼዋለሁ» አሉን።

እንዴት እንዳዳንነው ለማስረዳት፥ ኮምፒዩተር እንዴት እንደሚነሣ መናገር አለብኝ። ፕሮግራሞቹ ያሉት በዲስክ ላይ ነው፤ ዲስክ ለማንበብ ደግሞ ፕሮግራም ያስፈልጋል። እንግዲያስ የመጀመሪያውን ማን ያንብበው? እንደ እኛው ባሉ አሮጌ ኮምፒዩተሮች፥ ባዮስ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም መብራት ቢጠፋም በማይጠፋበት ቺፕ ውስጥ ተቀምጧል። እርሱም ዕቃዎቹን መርምሮ ከዲስኩ መጀመሪያ 512 ባይት ብቻ ያነባል። አንድ የአማርኛ ፊደል ዘወትር 3 ባይት ስለሚይዝ፥ ይህ ከ170 ፊደል አይበልጥም! ያች ጥቂት ነገር ትልቁን አስነሺ ትጠራለች። የእኛው ግረብ ይባላል፤ ኤሪክ ቦሊን በ1995 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሥራ ነው። ግረብ በተራው ሊኑክስን ይጠራል።

ነገር ግን ሊኑክስን ከመጥራቱ በፊት ዝርዝር አሳይቶ ከአምስት ወደ ታች ይቆጥራል። ዝም ካልነው በራሱ ይሄዳል። አንድ ቁልፍ ከተነካ ግን ቆጠራው ይቆማል፤ እስከ ማታም ቢሆን ይጠብቃል።

ሁለት ጊዜ አመለጠን፤ ስክሪናችን እስኪበራ ቆጠራው አልቆ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ስክሪኑ ገና ጨለማ ሳለ የታች ቀስቱን ደጋግሜ ተጫንሁ። ዝርዝሩ ቆሞ ተገኘ። ከዚያ «ኢ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ተጭኜ የሊኑክስን መጥሪያ መስመር ከፈትሁ፤ ሙሉውን ሥርዓት ትቶ የትእዛዝ መጻፊያ ብቻ እንዲያቀርብልን፥ ዲስኩም እንዲጻፍበት አድርጌ ለወጥሁት። ይለፍ ቃል ሳይጠይቅ ገባን።

ጥፋቱ አንድ መስመር ነበር። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የሚፈልጋቸው ዲስኮች በተጻፉበት መዝገብ፥ የትምህርት ፊልሞች የያዘው የውጭ ዲስክ ስም አለ። ኮምፒዩተሩ 90 ሴኮንድ ጠብቆ ሲያጣው አልቀጥልም ይላል። ዲስኩን ቅዳሜ ዕለት ነቅሎ የወሰደውም ይህ የሚናገራችሁ ልጅ ነበር። ከመስመሩ ፊት አንድ ምልክት አኑረን እንዲታለፍ አደረግን፤ እንደገና ሲነሣ ጽሑፎቻችሁ በሙሉ በቦታቸው ተገኙ።

ሁሉም ሲደሰት የኮምፒዩተር መምህራችን ብቻ አልሣቁም። «አንተ በዚህ በር ከገባህ፥ የፈተና ውጤት መለወጥ የሚፈልግስ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሣጥኑን ፈትቶ ዲስኩን ለሚያወጣ ሰው ይህ ባይበቃም፥ በዚያው ቀን የግረብን መስመር ለመለወጥ ይለፍ ቃል እንዲጠየቅ አደረጉ፤ ቃሉንም በወረቀት ጽፈው አሽገው በዲሬክተሩ ካዝና አስቀመጡት። እኔ አላውቀውም።