የምናስገጥመው ካሜራ ለማን ይመሰክራል?

በሠፈራችን መትናስ ለወላጆችና ለባለ ሱቆች የተደረገ ንግግር



ዛሬ ማታ የተሰበሰብነው ስለ ጥበቃ ካሜራ፣ በዕብራይስጥ ማጽሌማ ስለሚባለው መሣሪያ ለመነጋገር ነው። በየቤቱ እየዞሩ የሚሸጡ ሰዎች ወደ ሕንጻዎቻችን እየመጡ፣ ብዙዎቻችን አንብበን በማንጨርሰው የዕብራይስጥ ውል (ሖዜ) ላይ እያስፈረሙ ይሄዳሉ። ባለ ሱቆችም «የትኛውን እንግዛ?» እያሉ ጠይቀውናል። ስለዚህ የምናውቀውን በራሳችን ቋንቋ ልንነግራችሁ ወደድን።

በአገር ቤት ሳለን የቤታችን ጠባቂ ውሻና ጎረቤት ነበር። እንግዳ ሰው ከሩቅ ይታያል፣ የማን ልጅ እንደሆነም ይጠየቃል። እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠን በታችኛው በር ማን እንደገባ አናውቅም። ስለዚህ ካሜራ መፈለጋችን የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን ካሜራ ምስክር መሆኑን እንወቅ። ምስክር የሚቆጥር ሰው ደግሞ አስቀድሞ ይጠይቃል፦ በደንብ አይቷል ወይ? ያየውን ይዞ ይቆያል ወይ? በማን እጅ ነው?

ይህ ለእኛ ተራ ጉዳይ አይደለም። በአፕሪል 26 ቀን 2015 በሖሎን ከተማ የደንብ ልብስ የለበሰ ወታደር ልጃችን ዳማስ ፓካዳ በፖሊስ ተደበደበ። በመጀመሪያ ፖሊስን አጠቃ ተብሎ የተያዘው እርሱ ነበር። በአካባቢው የነበረ የጥበቃ ካሜራ የቀረጸው ምስል ሲወጣ ግን እውነቱን አገር ሁሉ አየው፤ በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭም ሰልፍ ወጣን። ፖሊሱ ከሥራ ቢሰናበትም ክስ አልቀረበበትም። ካሜራ ይመሰክራል እንጂ አይፈርድም። ቢሆንም ያ ምስል ባይኖር የልጁን ቃል ማን ያምን ነበር?

ሌላም እናውቃለን። የአንዲት እናት ልጅ ብስክሌት ሰርቀሃል ተብሎ ተጠርቶ ነበር። በዚያ ሰዓት እቤቱ እንደነበረ የሕንጻው መግቢያ ካሜራ ያሳይ ነበር። ቤተሰቡ ምስሉን የጠየቀው በ10ኛው ቀን ነው። መሣሪያው ግን የሚይዘው የ7 ቀን ብቻ ስለሆነ በላዩ ላይ ሌላ ቀርጾበት ጠፍቶ ተገኘ። ልጁ ነጻ እስኪወጣ ድረስ እናቲቱ ብዙ ወራት በሐሳብ ከረመች።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንሂድ፦ በደንብ ያያል ወይ?

ሻጩ «ይህ አንድ ካሜራ ግቢውን ሁሉ ያያል» ይላችኋል። ማየትና መለየት ግን ሁለት ነገር ነው። ባለ 2 ሜጋፒክሴል ካሜራ የሚሰጠው ምስል በአግድም 1920 ነጥብ አለው። የማናውቀውን ሰው በፊቱ ለመለየት በአውሮፓ ሲሠራበት የቆየው መለኪያ በአንድ ሜትር 250 ነጥብ ነው። ስለዚህ ምስሉ የሚሸፍነው ስፋት ከ7 ሜትር ተኩል በላይ ከሆነ ሰው መኖሩ ይታያል፣ ማንነቱ ግን አይለይም። ባለ 4 ሜጋፒክሴል ቢሆን እስከ 10 ሜትር ያህል ይደርሳል። 2.8 ሚሊ ሜትር የሚባለው ሌንስ ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ 6 ሚሊ ሜትር የሆነው ጠበብ አድርጎ ያቀርባል። ከጣራ ሥር የተሰቀለ ካሜራ የሚያሳየን ባርኔጣ ነው። ለመግቢያ በር ከ2 እስከ 2 ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ፣ ፊት ለፊት የሚያይ አንድ ካሜራ ይበልጣል።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር በብርቱ እናሳስባለን። በሱቅ በር በኩል ፀሐይ ከኋላ ሲመጣ፣ ርካሽ ካሜራ የሰውን ፊት ያጨልማል፤ የእኛ ቆዳ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በጨለማም እንዲሁ ነው። በእንዲህ ያለ ምስል ላይ ፊት አይታይም፣ የሚታየው ቀለም ብቻ ነው። ከዚያ «ጥቁር ልጅ ነበር» ይባላል፤ ያ ልጅ የማንኛችንም ልጅ ሊሆን ይችላል። መጥፎ ምስክር ከምስክር ማጣት ይከፋል። ስለዚህ ብርሃንና ጥላን የሚያመጣጥን፣ በሻጮች ዘንድ ደብልዩ ዲ አር የሚባለው ችሎታ ያለው መሆኑን ጠይቁ። ከመክፈላችሁም በፊት የራሳችሁ ልጅ በቀንም በማታም በበሩ ይለፍና ፊቱ ይለይ እንደሆነ በስክሪኑ ላይ እዩት።

በማታ ሰው ሲያልፍ የሚበራ መብራት ያለው ካሜራ አለ፤ በማይታይ ብርሃን (ኢንፍራሬድ) የሚያይም አለ። ሰንበት ለሚጠብቁ ቤተሰቦች ሁለተኛው ይሻላል፤ አባቶቻችን በዓርብ ማታ ከምኲራብ ሲመለሱ በእግራቸው መብራት እንዲያበሩ አናድርጋቸው። በጥርጣሬ ጊዜ ቄሶቻችንን ወይም ራቢውን ጠይቁ።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ያየውን ይዞ ይቆያል ወይ?

አንድ ባለ 2 ሜጋፒክሴል ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢቀርጽ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይሞላል። 4 ካሜራ 86 ጊጋባይት ያህል ማለት ነው። እንግዲህ 1 ቴራባይት ዲስክ 11 ቀን፣ 2 ቴራባይት ደግሞ 23 ቀን ያህል ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ አሮጌው ይጠፋል። ሻጩ «ብዙ ይይዛል» ቢላችሁ ስንት ቀን እንደሆነ በጽሑፍ አስቀምጡት። የመሣሪያው ቀንና ሰዓት ትክክል ይሁን፤ ሰዓቱ የተሳሳተ ምስል በፍርድ ቤት ያከራክራል። ከቤተሰቡ ቢያንስ ሁለት ሰው ምስል ወደ ውጭ መገልበጥ ይማር። ችግር ሲደርስ በዚያው ቀን ገልብጡ፤ ነገ አትበሉ። ምስሉ የጎረቤት ወይም የሱቅ ከሆነም በዚያው ቀን እንዲያስቀምጡላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ በማን እጅ ነው?

ከፋብሪካ የመጣውን የምሥጢር ቃል (ሲስማ) ሳይቀይሩ መተው የቤትን ቁልፍ በሩ ላይ ሰክቶ እንደመሄድ ነው። በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በብዙ አገር ያሉ ካሜራዎችን የወረራቸው የፋብሪካ ሲስማቸው ባለመቀየሩ ነበር። በጁን 2025 ከኢራን ጋር በነበረው ጦርነት ጊዜም ጠላት የግል ካሜራዎችን ለስለላ እየሞከረ ስለሆነ ሲስማ ይቀየር ተብሎ ሕዝቡ ተነግሮት ነበር። ስለዚህ መሣሪያውን የገጠመው ሰው ከሄደ በኋላ ሲስማውን ራሳችሁ ቀይሩ። ሰው ገብቶበታል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ የመንግሥት የሳይበር ማዕከል ስልክ 119 ነው።

አሁን ስለ ሕግ ጥቂት እንበል። በ1981 የወጣው የግል ሕይወት ጥበቃ ሕግ ሰውን በግል ቦታው መቅረጽን ይከለክላል። ካሜራችሁ የጎረቤትን በር፣ መስኮት ወይም በረንዳ አይይ። ደረጃውና መግቢያው የጋራ ንብረት ስለሆነ አስቀድማችሁ ለቫዓድ ባይትና ለነዋሪዎች ስብሰባ አቅርቡት። በሱቅ ካሜራ መኖሩን የሚገልጽ ምልክት ስቀሉ፤ ሠራተኞቻችሁንም ንገሩ፤ መጸዳጃና ልብስ መቀየሪያ ላይ ፈጽሞ አይደረግም። የድምፅ መቅጃውን ደግሞ አጥፉት። እኛ በሌለንበት የሌሎችን ንግግር ያለ ፈቃዳቸው መቅዳት በ1979 በወጣው የስውር ማዳመጥ ሕግ እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው። ያለ በደላችን ስንታይና ስንጠረጠር የከረምን ሰዎች፣ ጎረቤታችንን በዚያው መንገድ ልናስመርር አይገባንም።

በመጨረሻ ስለ ውሉ። በስልክ ወይም ቤት ድረስ መጥተው የሸጡልንን ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ በሕግ ተፈቅዷል። ዕድሜያቸው 65 የሞላ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ከመጡ 5 ዓመት ያልሞላቸው ዖሊም ከሻጩ ጋር በቃል ተነጋግረው ከተዋዋሉ እስከ 4 ወር ጊዜ አላቸው። የመሰረዣው ክፍያም ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል፣ ከሁለቱ ካነሰው አይበልጥም። «ፈርመሃል፣ አለቀ» ለሚላችሁ ሰው ይህን ንገሩት። በውሉ ላይ ወርኃዊ ክፍያ አለ ወይ? ስንት ዓመት ያስራል? ዕቃው ቢበላሽ ማን ይጠግናል? እነዚህ ሳይመለሱ አትፈርሙ። ልጆች ዕብራይስጥ ስለሚችሉ ብቻ ውል እንዲያስረዱን አንጫንባቸው፤ ውሉን ይዛችሁ ወደ እኛ ኑ፣ አብረን እናነበዋለን።

ወገኖቻችን፣ ዛሬ ማታ እቤት ስትገቡ ካሜራ ያላችሁ ሁሉ ሦስት ነገር እዩ፦ ሰዓቱ ትክክል ነው ወይ? ከስንት ቀን በፊት ያለውን ያሳያል? ሲስማውን ማን ያውቀዋል? ካሜራ የሌላችሁም የጎረቤታችሁን ስምና ስልክ ያዙ፤ የሚጠቅመውን ምስል የሚያስቀምጥላችሁ እርሱ ሊሆን ይችላል።