አረጋዊን ማክበር ማስቀመጥ አይደለም



በደርግ ዘመን የጥኖራ አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበር ስሙ በአገር ደረጃ የታወቀ ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ከታወጀ በኋላ እንዲህ ያሉት ማኅበራት በአብዛኛው ፈረሱ። ያን ጊዜ በጋራ ማሳ ላይ እርፍ የጨበጡ የሠላሳ ዓመት ጎልማሶች ዛሬ ስድሳ አምስቱን አልፈዋል። ጉልበታቸው እንዳይከዳቸው ምን ይደረግ?

የአረጋዊን እንቅስቃሴ የሚወስነው ዕድሜ ብቻ አይደለም። መሬቱን ለእኩል አራሽ የሰጠ አባት፣ ጓዳዋን ለምራቷ ያስረከበች እናት ማለዳ የሚያስነሳቸውን ሥራ ያጣሉ። ክረምት ላይ የዋልካው ጭቃ ያንሸራትታል። ዓይን ሲደክም ደግሞ መንገድ ያስፈራል። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ የመጣ ነበር፤ ይህ ደግሞ በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የቤተሰብ ፍቅር ነው። ልጆች «አባዬ፣ አንቱ ይረፉ፤ እኛ አለን» ይላሉ። አባትም ደጅ ላይ ተቀምጦ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ ጤነኛ አረጋውያን ለ10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ ሲውሉ ከእግራቸው ጡንቻ አንድ ኪሎ ያህል ቀንሷል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያን በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህም በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን መራመድ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደርሶ መመለስ፣ ጓሮ መኮትኮትም ይቆጠራል። አዲስ አበባ ላይ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ሲጀመር፣ ሕዝቡ እንዲራመድ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ነበር። በብቸናና በሞጣ ገጠር ግን የሚጎድለው መንገድ ሳይሆን ከቤት የሚያስወጣ ጉዳይ ነው።

በመሆኑም ማኅበራት ለአረጋውያን አባላት አቅማቸው የሚፈቅደውን ሥራ ቢሰጡ ይበጃል፤ ችግኝ መንከባከብ፣ ቀፎ መከታተል፣ ዘር መምረጥ ይቻላል። በመጋዘን ደጅና በመንገድ ዳር ማረፊያ መደብ ቢሠራ የደከመው አርፎ ይቀጥላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ዓይኑ የደከመውን ወደ ሕክምና ቢልኩ መልካም ነው። ሲራመድ ደረቱን የሚያመው ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

እንግዲህ ከዚህ በዓል የሚመለስ ልጅ ለአባቱ ወንበር ከማቅረቡ በፊት ዘንጉን ያቀብለው፤ አብሮትም እስከ ማሳው ይሂድ።

መልካም በዓል!